ከእኛ ሰፈር እስከ ላጋው ማዶ፦ ጭንቀት በየቋንቋው

 

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት የጉዞ ማስታወሻ ነው። ጉዞ ስል ናይሮቢ ደርሼ መጣሁ ማለቴ አይደለም (የመውጫ ወረቀቱን ማን ሰጥቶኝ!)። ከካኩማ አንድ፣ ከኢትዮጵያውያን ሰፈር ተነስቼ፣ በሶማሌዎቹ ሱቆች በኩል አልፌ፣ ደረቁን ላጋ ተሻግሬ የተመለስኩበት የሁለት ቀን የእግር መንገድ ነው። ለነገሩ ካኩማ ውስጥ በእግር የሄደ ሰው ብዙ አገር ነው የሚያቋርጠው። ካምፑ በ1992 ከሱዳን በእግራቸው ለመጡት ልጆች ሲከፈት እንዲህ ይሰፋል ብሎ ያሰበ ያለ አይመስለኝም። ዛሬ ከውሃ ቧንቧ ሥር ተሰልፋችሁ ብትቆሙ፣ ጀሪካኑ ሳይሞላ አምስት ስድስት ቋንቋ ትሰማላችሁ።

ያስነሳኝ ነገር እንዲህ ነው። ሰፈሩ ሁሉ «እማማ» የሚላቸው አንዲት ጎረቤት አሉን። እሳቸው ወደ ሕክምና ሄደው «ሆዴ ተረብሿል፣ ሌሊት ሌሊት ባር ባር ይለኛል፣ እንቅልፍ ካጣሁ ሰነበትኩ» ይላሉ። ያስተረጎመላቸው ልጅ እዚሁ የተወለደ ነው። ስዋሂሊው ውሃ ነው፣ አማርኛው ግን ከእናቱ ጓዳ የለቀማት ናት። «ቱምቦ ሊናምሱምቡዋ» አለ። ሆዷ ያስቸግራታል ማለት ነው። ነርሷም የጨጓራና የትል መድኃኒት ጽፋ ሰጠቻቸው። እማማ ዋጡት። በወሩ ተመልሰው ሄዱ፣ ያንኑ ሰጧቸው። ሦስተኛም ጊዜ እንደዚያው።

ልብ በሉ፣ ልጁ አልዋሸም። ቱምቦ ሆድ ነው። ኩሱምቡዋ ማስቸገር፣ መረበሽ ነው። ቃል በቃል ቢመዘን አንድም አልጎደለም። የጠፋው ነገሩ ነው። አማርኛ ሐዘኑንም ፍቅሩንም ምስጢሩንም የሚያስቀምጠው ሆድ ውስጥ መሆኑን ማን ይንገረው? ሆድ ይብሳል፣ ሆድ ይባባል፣ ሆድ ይፈራል፣ ሆድ ለሆድ ይነጋገራል። እማማ ከመንገድ ላይ የተለያቸው የመጨረሻ ልጃቸው ድምፁ ከጠፋ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሆዳቸውን የረበሸው ይኸው ነው። ለዚህ ደግሞ የትል ኪኒን አይሠራም።

እኔም፣ ታዲያ ሌላው ሕዝብ ይህን ነገር የት የት ያስቀምጠዋል? ብዬ ተነሳሁ።

መጀመሪያ የገባሁት አንድ ሶማሌ ወዳጄ ሻይ ቤት ነው። «ወላል» ይለኛል፣ ወንድሜ ማለቱ ነው። ግራ ሲገባችሁ ምን ትላላችሁ? አልኩት። «ጀሃወሬር» አለኝ። ጀሃ አቅጣጫ ነው፣ ከዓረብኛው ጂሃ የመጣ። ወሬር ደግሞ ራስ መዞር ነው። አቅጣጫ ሲዞርብህ ማለት ነው። (ወሬር ከእኛ ወሬ ጋር ዝምድና የለውም፤ ግን እዚህ ካምፕ ራስ የሚያዞረው ወሬ ስለሆነ ቢዛመዱም አይገርመኝም።) የእኛም ግራ መግባት ከዚሁ አይርቅም። መንገደኛ ሕዝብ ጭንቀቱን በአቅጣጫ መናገሩ ደንቆኝ ሻይዬን ሳልጨርስ ቀዘቀዘ።

ከዚያ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቡፊስን ታውቃለህ?» አለኝ። ቃሉን ሰምቼዋለሁ፣ ፍቺውን ግን በደንብ ያስረዳኝ እሱ ነው። ቡፍ ማለት መንፋት፣ በአየር መሙላት ነው። ቡፊስ ደግሞ ወደ ሦስተኛ አገር የመሄድ ናፍቆት ሰውን ነፍቶ ሲሞላው ነው። ስሙ ዝርዝሩ ላይ ወጣ አልወጣ እያለ፣ እግሩ እዚህ ቆሞ ልቡ ሚኒያፖሊስ የሚኖር ሰው ቡፊስ አለበት። ጉዳዩ ውድቅ ሲሆን ደግሞ በዚያው ቃል ሌላ ነገር ይባላል፤ የሞላው ሰው አእምሮው ሲነካም ቡፊስ ነው። ምኞቱም በሽታውም አንድ ስም አላቸው። ቃሉ በዳዳብ የሶማሌዎች ሰፈር በጣም የታወቀ ነው። ሲንዲ ሆርስት የተባለች ተመራማሪ በ2006 ስለ ዳዳብ ሶማሌዎች ባሳተመችው መጽሐፍ በሰፊው ጽፋበታለች። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ለዚህ ነገር ስም አላወጣንለትም። በሽታው የለብንም እንዳልል ግን የምንተዋወቅ ሰዎች ነን። ሌሊት ሌሊት ስልኩን እያበራ «ኬዜ ተንቀሳቀሰ ይሆን?» የሚለውን ቤቱ ይቁጠረው።

ከሻይ ቤቱ ወጥቼ ወደ አንድ የዳርፉር ሰው ልብስ መስፊያ ሄድኩ። «ያ ዞል፣ ራሲ ሙለኽበጥ» አለ፣ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ እያሳየኝ። ለኽበጣ መደበላለቅ፣ መዘበራረቅ ነው። ከፍ ያለ ጭንቅ ሲሆን ግን «ዲቅ» ይላሉ፣ ጥበት ማለት ነው። ደረት ሲጠብ። ይህን ለኦሮሞ ጎረቤቴ ማታ ስነግረው ሳቀ። «ዺጲና ነዋ!» አለኝ። ዺጲና በኦሮምኛ ጥበትም ነው ጭንቀትም ነው። እኛስ ብንሆን «ዓለም ጠበበኝ» እንል የለ? አራት ሜትር በአምስት ሜትር የላስቲክ ቤት ውስጥ ስድስት ሆኖ ለሚያድር ሰው ይሄ ቃል ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በማግስቱ ላጋውን ተሻገርኩ። ዝናብ ሳይመጣ ነበር፣ አሸዋው ደረቅ ነው። (ጎርፍ በመጣ ቀን ያንን ቦታ የሚያውቅ ያውቀዋል።) እዚያ የማውቀው ኮንጎአዊ ጸጉር አስተካካይ አለ። ስዋሂሊ ተናጋሪ ሰው ግራ ሲገባው «ኒሜቻንጋኒኪዋ» ይላል። ኩቻንጋኛ መቀላቀል ነው፤ እንግዲህ ቃሉ ተቀላቅዬብኛለሁ እንደማለት ነው። ይሄው ቃል አእምሮው ለታወከም ያገለግላል። ስለዚህ «አሜቻንጋኒኪዋ» ሲባል ሰውየው ፎርም መሙላት አቅቶት ይሁን አብዶ፣ ከአነጋገሩ ነው የሚታወቀው። ቩሩጉ የሚሉት ሁከትም ኩቩሩጋ ከሚለው ማማሰል፣ መበጥበጥ ይወጣል። እዚህ ላይ የእኛው ብጥብጥ ትዝ አለኝ። በሶ ይበጠበጣል፣ ተልባ ይበጠበጣል፣ ሰፈርም ይበጠበጣል። እንግሊዝኛው «ኮንፊውዝ» እንኳ በላቲን ሥሩ አንድ ላይ ማፍሰስ ነው። ወጥ ቤት የገባ ሰው በየትም አገር አንድ ዓይነት ነገር ያያል መሰለኝ።

ወጥ ቤት የማያውቀው ግን አለ። ጸጉር ቤቱ ውስጥ ወንበር ይዛ ትጠብቅ የነበረች የሩዋንዳ ሴት፣ ስለምን እንደምናወራ ስትሰማ አንድ ቃል ተናገረች፤ «ኢሃሃሙካ»። ከ1994ቱ እልቂት ወዲህ ለዚያ ድንጋጤ የሚሉት ነው። ትንፋሽ ከማጠር፣ ከፍርሃት ብዛት አየር ከማጣት ጋር የተያያዘ ቃል ነው። ከዚህ በላይ አልተናገረችም፣ እኛም አልጠየቅናትም። አስተካካዩ መቀሱን ይዞ ዝም ብሎ ቆመ።

ስመለስ መንገድ ላይ የቆየ አንድ ነገር ታወሰኝ። አንድ የሰፈራችን ወጣት ለቃለ መጠይቅ ቀርቦ «በከተማችን ረብሻ ነበር፣ እኔም ተረብሼ ወጣሁ» ይላል። በአማርኛ ንጹሕ ነው፤ ፈርቼ፣ ሰላም አጥቼ ወጣሁ ነው ያለው። አስተርጓሚው ሁለቱንም «ፉጆ» አደረገው። ፉጆ ደግሞ ሁከት ነው፣ ድንጋይ መወርወር ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ልጁ ሁከት ውስጥ ነበር ተብሎ ተጻፈ። ቀጣዩ ጥያቄ «በሁከቱ የአንተ ድርሻ ምን ነበር?» ሆነ። ደግነቱ የተጻፈው ይነበብልኝ ብሎ ስለጠየቀ ተይዞ ታረመ። ባይጠይቅስ? ሁለተኛ ቀርቦ እውነቱን ቢናገር «ቃልህን ቀየርክ» መባሉ አይቀርም ነበር። ስለዚህ ወገኖቼ፣ አስተርጓሚ ሲያጠፋ ጆሯችሁ ከያዘ «አቁም፣ እንዲህ አላልኩም» ማለት ነውር አይደለም። ይሉኝታ ሌላ ቦታ ይበቃናል።

በ2025 ሬሽኑ በተቀነሰ ጊዜ ሰው ወጥቶ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ያን ቀን ነገሩ በየቋንቋው ስም ወጣለት። የወጡት «ማንዳማኖ» አሉት፣ ሰልፍ ማለት ነው። ከአጥሩ ወዲያ የቆሙት ፉጆ አሉት። ሶማሌዎቹ ቡቅ፣ የእኛ ሰዎች ግማሹ ረብሻ ግማሹ ሰላማዊ ሰልፍ። ባዶ ማሰሮ ይዛ የወጣች እናት ግን አንድ ናት። የትኛው ስም መዝገብ ላይ እንደሚገባ የሚወስነው ብዕሩን የያዘው ነው።

ወደ እማማ ልመለስ። ማክሰኞ ዕለት አብሬያቸው ሄድኩ። «ልጄ፣ አንተ ደግሞ ሥራ አታጣም» እያሉኝ። ተራችን ሲደርስ ነርሷ ካርዱን አይታ ያንኑ መድኃኒት ልትጽፍ ብዕሯን አነሳች። «ሲስታ፣ ሆዳቸውን አይደለም» አልኳት። «ሃና አማኒ ሞዮኒ፣ አና ዋሲዋሲ።» በልባቸው ሰላም የለም፣ ሥጋት አለባቸው። ዋሲዋሲ ዓረቦቹ ወስዋስ የሚሉት ነው፣ እኛም ዘንድ ሙስሊሞቹ ይሉታል፤ በጆሮ የሚሾከሾክ ማለት ነው። ሌሊት ለሚመጣው ነገር ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁም።

ነርሷ ብዕሯን አስቀመጠች። ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እሳቸው ዞራ «ማማ፣ ሥጋቱ ስለ ማነው?» ብላ ጠየቀች። ተረጎምኩላቸው። እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ። ከዚያ የልጃቸውን ስም ተናገሩ። በዚያ ክፍል ውስጥ ስሙ ሲነሳ የመጀመሪያው ነበር።

ወደ አማካሪዋ ተላኩ፣ የጠፋ ቤተሰብ የሚያፈላልገውን የቀይ መስቀል ፎርምም ሞላን። ልጁ ለመጨረሻ ጊዜ የታየበትን ቦታ፣ የለበሰውን፣ ግንባሩ ላይ ያለችውን ጠባሳ ሁሉ አስጻፉ። መልሱ ገና አልመጣም። ከተመለስን በኋላ ከትራሳቸው ሥር ያጠራቀሙትን የትል ኪኒን አውጥተው አሳዩኝ፤ ከሁለተኛው ወር ወዲያ አልዋጡትም ነበር። «ሰጥታኝ አልወስድም ብላት ልጅቷ ይከፋታል ብዬ ነው» አሉኝ።