ቀሲሉ ይቆየን

አክስቴ የጡት ካንሰር ጨረሯን አዲስ አበባ ጨርሳ አቦከር ስትገባ የደረቷ ቆዳ ጠቁሮ ነበር። ጎረቤቶች ቀሲል በጥብጠው መጡ፤ ሐረር ሴቷን የምታባብለው በዚህ ነው። እኔም ዝም አልኩ። ማታ ቆዳው ተላጠ።

የማውቃት ነርስ ጋ ደወልኩ። ለብ ያለ ውሃ፣ ሽታ የሌለው ሳሙና፣ ሳይፈትጉ በለስላሳ ፎጣ ጫን እያሉ ማድረቅ፣ ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ፣ ከፀሐይ መከለል። ጨረሩ ካለቀ በኋላም አንድ ሁለት ሳምንት ሊብስ ይችላል አለችኝ።

ይህን መውጫ ወረቀቷ ላይ ለመጻፍ ስንት መስመር ይፈጅ ነበር? በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሐረሪ ቢሆን ደግሞ ጎረቤቶቹም ያነቡት ነበር።

ጎረቤቶቹን አልከለከልናቸውም። አሁን እግሯን በቫዝሊን ያሹላታል፣ ሆጃ ያፈላሉ። ትናንት ወሬያቸው መሃል እንቅልፍ ወሰዳት።