«በነፃ የተሳፈረው» ጓደኛችን ወደብ ላይ ቀረ

ባሕር ከሌለው አገር ለመጣ ሰው መርከብ ማለት የፊልም ዕቃ ነው። እኔም ሜሪላንድ ገብቼ ስድስት ዓመት እስክቆይ ድረስ በመርከብ መንሸራሸር የጡረተኛ ፈረንጆች ጉዳይ ይመስለኝ ነበር። ታዲያ አንድ ቀን ፖስታ ሳጥናችን ውስጥ አንዲት የምታብለጨልጭ ወረቀት ተገኘች። ሰማያዊ ውሃ፣ ነጭ መርከብ፣ ከሥሩ በደማቁ… «ከባልቲሞር ተነስተው ባሃማስን አይተው ይመለሱ! 7 ሌሊት ከ499 ዶላር ጀምሮ! በአንድ ክፍል 3ኛውና 4ኛው ሰው በነፃ!»

እኛ ደግሞ አራት ነን። ላሜ ወለደች አልን።

ነገሩ የሆነው ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ላይ ነው። ከአራታችን አንዱ የአሜሪካ ዜግነት ካገኘ ቆይቷል፤ እኔና ሌላው ግሪን ካርድ አለን። አራተኛው፣ የቤታችን ሳቅና ጨዋታ የነበረው ልጅ፣ «ወረቀቱ ገና» ነው። የጥገኝነት ጥያቄ አስገብቶ ለቃለ መጠይቅ እስኪጠራ ይጠብቃል። የሥራ ፈቃድ አለው፣ መንጃ ፈቃድ አለው፣ ግብሩን ይከፍላል፤ ነገር ግን በአራት ዓመት ውስጥ ከሜሪላንድ ብዙም ርቆ አያውቅም። ወረቀቷን ሲያይ ከሁላችን በላይ የጓጓው እሱ ነበር። «ባልቲሞር ተነስቶ ባልቲሞር አይደል የሚመለሰው? አገር አልለቀቅኩም ማለት ነው» አለ። እኛም «ልክ ነህ» አልነው። አያችሁ፣ አለማወቅ ለአራት ሲመከርበት እውቀት ይመስላል።

ሒሳቡን የያዝኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዎች 998 ዶላር፤ ሦስተኛውና አራተኛው ምንም። ቆይ ግን… «በነፃ» የተባለው የአልጋው ዋጋ ነው እንጂ ታክስና የወደብ ክፍያ ማንንም አይምርም፤ በነፍስ ወከፍ 140 ዶላር። ለሠራተኞች ጉርሻ ተብሎ በቀን 16 ዶላር፣ እሱም በነፍስ ወከፍ 112 ገባ። ተደምሮ 2,006 ዶላር ሆነ። ለአራት ስናካፍለው 501 ዶላር ከ50 ሳንቲም። ማስታወቂያው 499 ብሎን የለ? ሁለት ሰው በነፃ ተጭኖ እንኳ 499 አልገባም!

(ከዚያ ወዲህ አንድ ደግ ነገር ተደርጓል። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በካሊፎርኒያ በወጣ ሕግ ሳቢያ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ታክሱንና የወደቡን ክፍያ በማስታወቂያው ዋጋ ውስጥ ጠቅልለው ማሳየት ጀምረዋል። ጉርሻው ግን አሁንም ለብቻው ነው።)

ርካሽነቱም ያለ ምክንያት አልነበረም። በአትላንቲክ የአውሎ ነፋስ ወቅት ከሰኔ መግቢያ እስከ ኅዳር መጨረሻ ነው፤ መስከረም ላይ ይበረታል። የፈረንጅ ልጆችም ያኔ ትምህርት ቤት ይገባሉ። መርከቡ ባዶ ከሚሄድ በነፃም ቢሆን ይሙላ ነው ነገሩ። የተጫነ ሰው ይጠጣል፣ ይቆምራል፣ ፎቶ ይገዛል።

የጉዞው ቀን ስለቀረበ ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ በእኔ ካርድ ከፈልኩ። ከመክፈሌ በፊት ውሉ መጣ። ረጅም ነው፣ ፊደሉ ደቃቃ ነው። መጨረሻ ላይ «አንብቤ ተስማምቻለሁ» የሚል ሳጥን አለ። አላነበብኩም፤ ምልክቱን ግን አደረግኩ። ለአራታችንም!

ጳጉሜን 5፣ እሑድ፣ በጓደኛችን መኪና ባልቲሞር ወረድን። ወደቡ ሎከስት ፖይንት የሚባለው ሰፈር፣ ከትልቁ አውራ ጎዳና ሥር ነው። መርከቡ ከሩቅ ሲታይ ፎቅ ቤት ተኝቶ ውሃ ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። ሻንጣ አስረከብን፣ ተሰለፍን፣ ተሳሳቅን። ተራችን ደረሰ። የዜጋው ፓስፖርት አለፈ። የእኛ ግሪን ካርድ ከኢትዮጵያ ፓስፖርት ጋር አለፈ። እሱ መንጃ ፈቃዱንና የሥራ ፈቃዱን አወጣ። ልጅቷ ካርዱን ገለበጠችው፣ መልሳ ገለበጠችው፣ ስልክ አነሳች።

የመጡት ኃላፊ ጠና ያሉ ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። ወደ ጎን ወሰዱንና ቀስ ብለው «ልጄ፣ ጉዳይህ ያልተወሰነ ጥገኛ ነህ?» አሉት። «አዎ» አለ። «ይሄ መርከብ ባሃማስ ይቆማል። ያለ ፈቃድ ከአሜሪካ ከወጣህ ማመልከቻህን እንደተውክ ይቆጠራል። ዛሬ ባሳፍርህ ስትመለስ የምትገባበት በር የለህም» አሉት።

ክው አልን።

በኋላ አንብቤ ያወቅኩትን ልንገራችሁ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1886 ያወጣችው አንድ ሕግ አለ፤ የውጭ አገር መርከብ መንገደኛን ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ወደ ሌላው እንዳያጓጉዝ ይከለክላል። እነዚህ የሽርሽር መርከቦች ደግሞ መሥሪያ ቤታቸው ፍሎሪዳ ቢሆንም ባንዲራቸው በአብዛኛው የባሃማስ፣ የፓናማ፣ የቤርሙዳ ወይም የማልታ ነው። ስለዚህ ከባልቲሞር ተነስቶ ባልቲሞር የሚመለስ መርከብ በመሐል የግድ የሌላ አገር ወደብ መርገጥ አለበት። ለአሜሪካ ዜጋ በእንዲህ ያለ ዙር ጉዞ የልደት ወረቀትና መታወቂያ ይበቃዋል፤ ፓስፖርትም አይጠየቅ። ለእኛ ልጅ ግን ያቺ የባሃማስ ማቆሚያ አራት ዓመት የጠበቀውን ጉዳይ ገደል ልትከትበት ነበር። ሴትዮዋ መንገድ አልዘጉበትም፤ ያዳኑት እሳቸው ናቸው። «አድቫንስ ፓሮል» የሚባል ቅድመ ፈቃድ አለ፤ እሱም ቢሆን ጠበቃ ሳያማክሩ የሚነኩት ነገር አይደለም።

ታዲያ ምን ይሁን? «ሁላችንም እንቅር» አልኩ። ከልቤ ይሁን ለአፌ፣ ዛሬም አላውቅም። እሱ ነው የገላገለን። «ገንዘቡ እኮ አይመለስም፣ ሂዱ! የመኪናው ቁልፍ ከእኔ ጋር ነው፤ በስምንተኛው ቀን እዚሁ ቆሜ አገኛችኋለሁ» ብሎ ሳቀ። ሻንጣው ግን ቀድሞ ተጭኗል። ፈልገው እስኪያወርዱለት አንድ ሰዓት በር ላይ ቆመ። ከላይ ሆነን አየነው፤ በእጁ ምሳ የቋጠረባት ፌስታል ነበረች።

መርከቡ ሲነሳ መጀመሪያ ያለፍነው በፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ ሥር ነው። (ያ ድልድይ ከስድስት ወር በኋላ፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 26 ቀን 2024 ሌሊት፣ አንድ የጭነት መርከብ ገጭቶት ወደቀ፤ ድልድዩ ላይ ሲሠሩ የነበሩ ስድስት ሠራተኞች ሞቱ።) ከዚያ አናፖሊስ አጠገብ ያለው ሌላ ድልድይ አለ። ከውሃው በላይ ያለው ክፍተት 186 ጫማ ስለሆነ ከዚያ የሚረዝም መርከብ ባልቲሞር መምጣት አይችልም። የእኛው በመካከለኛዎቹ የሚመደብ ነው ማለት ነው። ለእኔ ግን መሿለኪያው ሁሉ ስድስት ኪሎን ያህል ነበር።

ክፍላችን መስኮት የለውም። ሁለት አልጋ ከታች፣ ሁለት ከግድግዳ የሚዘረጉ ከላይ። ዶርም በሉት። ማታ ማታ አንድ የኢንዶኔዥያ ልጅ መጥቶ አልጋ ያነጥፋል፣ ከፎጣ እንስሳ ሠርቶ ያስቀምጣል። ስማችን በዝርዝሩ ላይ አራት ስለሆነ አራተኛውንም አልጋ ይዘረጋዋል። የመጀመሪያው ቀን ዝሆን፣ ሁለተኛው ቀን ዝንጀሮ… ባዶ አልጋ ላይ ዝንጀሮ ቁጭ ብሎ ሲያየን እንቅልፍ እምቢ አለን። በሦስተኛው ቀን ነገርነው። ከዚያ በኋላ አልዘረጋውም።

ዘመን መለወጫን ባሕር ላይ ዋልን። ዶሮ የለ፣ አደይ የለ፣ ዙሪያው ውሃ ብቻ። ቡና ቤቱ ውስጥ አንዲት የሰባ ሁለት ዓመት አሜሪካዊት አጠገቤ ተቀመጡ፤ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉት ካርድ ቀለሙ ከእኛ ይለያል። «ይሄ ምንድነው?» ብል የዕድሜያቸውን ግማሽ የነገሩኝ ያህል ነው። ቀለሙ በመርከብ ላይ ያደሩት ሌሊት ብዛት ነው። ሳይሰለፉ ይገባሉ፣ ልብሳቸው በነፃ ይታጠባል፣ ከመቶ አለቆቹ ጋር ይጋበዛሉ። ኩባንያዎቹ ሁሉ እንዲህ ያለ መሰላል አላቸው። ለምሳሌ በሮያል ካሪቢያን ሦስት ነጥብ ያለው የመጀመሪያውን እርከን ይረግጣል፤ 80 ሲሞላ በቀን አራት መጠጥ በነፃ፤ የመጨረሻው እርከን 700 ነው። ነጥቡ የሚቆጠረው በሌሊት ነው፤ በውድ ክፍል ወይም ብቻውን ለሚያድር ዕጥፍ ይሆናል። 700 ሌሊት ማለት እንግዲህ ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ውሃ ላይ!

እኚህ ሴትዮ አልኮል አይቀምሱም፣ አይቆምሩም፤ በጣም ርካሹን ክፍል ይይዛሉ። «ሌሊት ነው የምገዛው» አሉኝ እየሳቁ። ዛሬ ምን እንደሚሉ እንጃ፤ ምክንያቱም ካርኒቫል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ማስታወቂያ ከሰኔ 2026 ጀምሮ ደረጃን በሌሊት ሳይሆን ባወጡት ገንዘብ እንደሚለካ፣ ደረጃውም ለዕድሜ ልክ ሳይሆን እየታደሰ እንደሚሄድ አሳውቋል። ሌሊት ሲያጠራቅሙ ለኖሩ እንደ እሳቸው ያሉ ሰዎች መራራ ዜና ነው።

ከሦስታችን አንዱ ደግሞ ሌላ መሰላል አገኘ፤ ቁማር ቤቱን። ቁማር ቤቱ ወደብ ሲደርሱ ይዘጋል፣ ባሕሩ መሐል ሲገቡ ይከፈታል። ልጁ በሰባት ሌሊት ወደ 900 ዶላር አራገፈ። በመጨረሻው ማታ በበራችን ሥር ደብዳቤ ገባለት፦ «ለሚቀጥለው ጉዞዎ ክፍልዎ በነፃ!» ደስታውን ብታዩት! «900 ዶላር የከፈልክበት ክፍል እኮ ነው» ብለው ተቀየመኝ።

ናሳው ላይ ግማሽ ቀን ዋልን። ደረጃዎቹን ወጣን፤ የንግሥቲቱ ደረጃ ይሉታል፣ መጀመሪያ 66 ነበሩ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማለቂያ ላይ በባርነት የተያዙ ሰዎች ከአለቱ ፈልፍለው ያወጧቸው። ግራና ቀኙ የቆመ ድንጋይ ነው፤ ላሊበላን ላየ ሰው ያ ጥላና ቅዝቃዜ አዲስ አይደለም። ከላይ ስንደርስ ስልክ ደወልንለት። ሥራ ላይ ነበር። «ባሃማስ እንዴት ናት?» አለ። «ትሞቃለች» አልነው። ሌላ የምንለው ጠፋን።

በማግስቱ የኩባንያው የራሱ ደሴት ነበር ተራው። አልቆምንም። ሊ የተባለው አውሎ ነፋስ ከሩቅ ሆኖ ማዕበል ይልክ ስለነበር ትናንሾቹ ጀልባዎች ሰው ማውረድ አልቻሉም። ካሣ? የለም። ካፒቴኑ ለደኅንነት ሲል መንገድ እንደሚቀይርና ኩባንያው ዕዳ እንደሌለበት ውሉ ላይ ተጽፏል፤ ያው እኔ ምልክት ያደረግኩበት ውል ላይ። የዚያችን ወደብ ክፍያ ብቻ በመርከቡ ሒሳባችን ላይ መለሱልን፤ ጥቂት ዶላር ነው፣ ቢራ ሆኖ አለቀ።

በመጨረሻው ቀን እንግዳ መቀበያው ጋ ረጅም ሰልፍ አየሁ። ጉርሻውን ለማስሰረዝ ነው! ይቻላል፣ ፖሊሲው ይፈቅዳል። የእኛም ቆማሪ ሊሰለፍ ሲል ያዝኩት። ያ የፎጣ ዝንጀሮ የሚሠራው ልጅ ሴት ልጁን ካያት ስድስት ወሩ ነው። እንዲህ ባለው ቁጠባ አልስማማም፤ የፈለገ ይሰደብበት።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት እሱ እንዳለው በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀን። ቁርስ ገዝቶልን ነበር።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ያልተሳፈረ ሰው ዋጋው አይመለስለትም፤ የእሱ አልጋ ግን ዜሮ ብር ስለነበር የሚቀርበት ነገር የለም። ታክሱና ጉርሻው፣ 252 ዶላር፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ በካርዴ ተመለሰ። እሱ ግን ለእኔ የሰጠው 501 ከ50 ነው። ልዩነቱን ሦስታችን እንሸፍን አልኩ፤ ለእያንዳንዳችን 83 ዶላር ገደማ። ዜጋው ወዲያው አወጣ። ቆማሪው ግን «ወረቀቱን ማጣራት የነበረበት እሱ ራሱ ነው፣ እኔ ለምን እከፍላለሁ?» አለ። 900 ዶላሩን ያስረከበው ሰው ለ83 ዶላር ሁለት ሳምንት ተኮራረፈን። የእሱንም እኔ ከፈልኩ። ሳጥኑ ላይ ምልክት ያደረግኩት እኔ ነኛ።

እዚያ አገር ቤት ያላችሁ ወጣቶች «ዘመዶቼ አሜሪካ ስሄድ በመርከብ ሊያዝናኑኝ ነው» የምትሉ ካላችሁ ቪዛችሁን ደግማችሁ አንብቡ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን የጎብኚ ቪዛን ለአንድ ጊዜ መግቢያና ለሦስት ወር ብቻ እንዲሆን አድርጋለች። አንድ ጊዜ ገብታችሁበት ያለቀ ቪዛ ይዛችሁ ባሃማስ ስትደርሱ አሜሪካ መመለሻችሁ ምን ሊሆን ነው? አውሮፓም ያው ነው፤ ከጣሊያን ተነስቶ ቱርክን ረግጦ በሚመለስ መርከብ ለመሳፈር የሸንገን ቪዛው ከአንድ በላይ መግቢያ ያለው መሆን አለበት። ጋባዣችሁ ዜጋ ከሆነ ይህን ላያውቀው ይችላል፤ እሱን ማንም አይጠይቀውማ። ገንዘቡ ሳይከፈል በፊት ጠይቁ። ከመነሻው ቀን በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ ከሆነ አብዛኞቹ ኩባንያዎች ከቲኬቱ ዋጋ ሳንቲም አይመልሱም፤ «ቪዛዬ ችግር ገጠመው» ማለትም አይሠራም።

ጓደኛችን ይህን እስከምጽፍ ድረስ ለቃለ መጠይቅ አልተጠራም። በመርከቡ ኩባንያ መዝገብ ላይ ግን ስሙ ገብቷል። ነጥቡ ዜሮ ነው፤ ፖስታው ግን በየወሩ ይመጣለታል። የባለፈው ሰማያዊ ውሃ፣ ነጭ መርከብ፣ ከሥሩ በደማቁ «ናፍቀውናል! ተመልሰው ይሳፈሩ!» ይላል። ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፎታል።