መንገድ ያሳዩን ዐይነ ስውር መምህር

ወላጅ ልጁን በሥጋ ይወልዳል፤ መምህር ግን በቃልና በምግባር ይወልዳል። ስለዚህ ለክርስቶስ አገልግሎት የተጠራ ሰው፥ ጥሪውን ያሰማውን የመምህሩን ድምፅ ሳያነሣ ስለ ራሱ ሊናገር አይችልም። እኛም በሽምግልናችን ዘመን፥ በጎጃም ቅኔ ያስተማሩንን የኔታን ልናስባቸው ወደድን።

የኔታ ዐይነ ስውር ነበሩ። ነገር ግን ቅኔ በልብ የሚቈጠርና በቃል የሚታረም ትምህርት ነውና፥ የዐይናቸው መጥፋት ጉባኤያቸውን አላጐደለውም። እኛ ተማሪዎቻቸው ቀን «በእንተ ስማ ለማርያም» ብለን የለመንነውን ቍራሽ በአኩፋዳችን ይዘን ከተመለስን በኋላ፥ ማታ በየተራ እየቀረብን የቈጠርነውን ቅኔ እንነግራቸው ነበር። ከሁሉ አስቀድመው የሚሰሙት ጀማሪውን ነው። ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ይዞ እየተንቀጠቀጠ የመጣውን ሕፃን፥ ስምንት ቤት ያለውን መወድስ ከሚያቀርበው አዋቂ ባላነሰ ትዕግሥት ያዳምጡት ነበር። ሲያርሙትም በጓደኞቹ ፊት አያዋርዱትም፤ ቃሉን አቃንተው፥ እርሱ ራሱ እንዳገኘው አድርገው ይመልሱለታል እንጂ። እግዚአብሔር የታናሹን ጸሎት እንዴት እንደሚሰማ የተረዳነው ከዚያ ነው።

ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱና ሲመለሱ በትራቸውን ይዘን የምንመራቸው እኛ ነበርን። በ1962 ዓ.ም. ግን አስጠርተው፥ «ልጄ፥ ከእኔ ዘንድ ያለውን ወስደሃል፤ ድጓ ቀርቶሃልና ወደ ቤተ ልሔም ሂድ» አሉን። በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም የታወቀች የድጓ ማስመስከሪያ ናት። «የኔታ፥ እርስዎንስ ማን ይመራዎታል?» ብንላቸው፥ «እኔ ልመራህ ተሾምሁ እንጂ፥ አንተ ትመራኝ ዘንድ አልተሾምህም» ብለው መረቁን። በትራቸውን ለሌላ ልጅ አስረክበን፥ ዐባይን ተሻግረን ሄድን።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ የገጠርን መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ባደረገ ጊዜ፥ አብያተ ክርስቲያናት አገልጋዮቻቸውን ይረዱበት የነበረው መሬት ከእጃቸው ወጣ። ድጓ አስመስክረን በ1968 ዓ.ም. የኔታን ልንጠይቅ ብንመለስ፥ ጉባኤው ሳስቶ አገኘነው። እርሳቸው ግን ተማሪዎቹ ለምነው ያመጡትን ቍራሽ አብረው እየተካፈሉ ያስተምሩ ነበር። በዚያ ወራት በከተማ የጽሕፈት ሥራ ተገኝቶልን ነበርና ምክራቸውን ጠየቅን። ሂድም፥ አትሂድም አላሉንም። «ስንት ልጆች ታስተምራለህ?» ብቻ አሉን።

«ገና አልጀመርሁም፥ የኔታ።»

«እንግዲያውስ ትምህርትህን ገና አልፈጸምህም» አሉን።

ወደ ከተማ መሄዱ ቀረ። ጥቂት ልጆች ሰብስበን ፊደልና ዳዊት ማስተማር ጀመርን፤ እነሆ፥ እስከ ዛሬም በዚሁ ሥራ አለን።

ብዙ ሰው የአገልግሎት ጥሪ ከሰማይ በሚወርድ ታላቅ ድምፅ ብቻ የሚመጣ ይመስለዋል። ለእኛ ግን የመጣልን በአንድ ድኻ መምህር ጥያቄ ነው። እናንተም ወላጆች፥ ልጆቻችሁን ምን ያህል እንደ ተማሩ ብቻ ሳይሆን፥ የተማሩትን ለማን እንዳካፈሉ ጠይቋቸው። የአብነት ተማሪ በደጃችሁ ሲቆምም፥ የምትሰጡት ቍራሽ የነገውን መምህር የሚያሳድግ መሆኑን አስቡ።

የመምህራችንን ነፍስ በአብርሃም፥ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን፤ አሜን።