ውኃ ውስጥ ከመግባትህ በፊት

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

እናትህ ሰርጓጅ መርከብ መስኮት እንደሌለው ከነገርካት ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ይከተልህ።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው። ባለፈው ስትደውል የዚያን የዊለር ሊፕስን ታሪክ አጫወትከኝ። በፈረንጆች 1942 «ሲድራጎን» በሚባለው ሰርጓጅ ውስጥ፣ እንደ አንተው የሕክምና ረዳት እንጂ ሐኪም ያልሆነ ሰው፣ የወጥ ቤት ማንኪያ አጣሞ ቁስሉን እየገለጠ፣ በሻይ ማጥለያ ኤተር እያሰጠ የባልደረባውን ትርፍ አንጀት አወጣ። ስታወራው ድምፅህ ደስ ደስ አለው። እሱ ነው ያስፈራኝ።

የአክስትህን ልጅ በስልኩ አስፈለግኩት። ለሊፕስ ሜዳሊያ የሰጡት በፈረንጆች 2005 ነው፣ ሊሞት ወራት ሲቀሩት። የዳነውም ልጅ ከቀዶ ጥገናው ሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ሰርጓጅ ውስጥ አለቀ። ይህን ለእናትህ አልነገርኳትም፤ አንተም እንዳትነግራት።

ሊፕስ የቆረጠው ሌላ መንገድ ስላጣ ነው፤ ፔኒሲሊን እንኳ እጁ አልገባም ነበር። አንተ አንቲባዮቲክ አለህ፤ መልእክት የምትልክለት ዶክተር አለህ። መቶ ሠላሳ ሰው «ዶክ» እያለ ሲጠራህ ልብህ እንዳያብጥ። «ይህ ከእኔ በላይ ነው፣ በሽተኛው ይውጣ» ብለህ ለአዛዥህ ለመናገር አትፈር።

ያቺን የአንገቷን እባጭ የከፈትኩላትን ልጅ ታውቃለህ፤ አልደግመውም። ያልነገርኩህ ግን አለ። ቃሬዛው በር ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። አራት ጎረምሶች ጋቢያቸውን አደግድገው «ጋሼ፣ ሰቆጣ እናድርሳት?» አሉኝ። «እኔ ድሬሰሩ እያለሁ?» ብዬ መለስኳቸው። አባቷን እስከ ዛሬ አስከተማ ገበያ አገኘዋለሁ። ቀድሞ ሰላም የሚለኝ እሱ ነው።

እጅህን ይባርክልህ፣ የኔ ጌታ። ከክፉ ይሰውርህ።

ሌላ ምን ልምከርህ? ሹራብ ያዝ። ወገብህን አትርሳ። እናትህ በሶና ነጭ ማር ቋጥራለች፤ ያስገቡልህ እንደሆነ ጠይቅ። ሁለት ሦስት ወር ድምፅህን እንደማንሰማ አስረድቻታለሁ፤ እሺ ብላለች፤ ስልኩን ግን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ነው የምትውለው። ብቅ እንዳልክ መጀመሪያ ለእሷ ደውል።

አባትህ