አባቷን አስፈቅዳ ኤቨረስት የወጣችው የጅዳ ልጅ



እኛ መተማ ዮሐንስ ላይ በረዶ የምናውቀው ከማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። ታዲያ ስለ በረዶ ተራራ ምን አገባን? ትሉ ይሆናል። ታሪኩ ግን የተራራ ብቻ ሳይሆን የቤታችንም ነው።

ራሃ ሙሐረቅ የጅዳ ልጅ ናት። 5,895 ሜትር ከፍታ ያለውን ኪሊማንጃሮን መውጣት እንደምትፈልግ ስትናገር ከቤተሰቧ ያገኘችው መልስ እምቢታ ነበር። አልዋሸችም፣ ተደብቃም አልሄደች። ቁጭ ብላ የልቧን ሁሉ ለአባቷ በኢሜይል ጻፈችላቸው። እሳቸውም አንብበው ፈቀዱላት። በ2004 ኪሊማንጃሮን ወጣች። ግንቦት 10 ቀን 2005 ደግሞ 8,848 ሜትር ላይ፣ ኤቨረስት ጫፍ የቆመች የመጀመሪያዋ ሳዑዲያዊት ሆነች። ያኔ በአገሯ ሴት መኪና እንኳ አትነዳም ነበር፤ የተፈቀደው ከ5 ዓመት በኋላ ነው።

በማግስቱ ፓኪስታናዊቷ ሰሚና ቤግ እዚያው ጫፍ ደረሰች። አብሯት ይወጣ የነበረው ወንድሟ ሚርዛ አሊ ጥቂት ሲቀረው ቆሞ እህቱን አስቀደመ።

ሱብሐነላህ! አንዷን አባት ሰማት፣ ሌላዋን ወንድም አስቀደማት።

ወደ እኛ እንምጣ። እህታችን «ጎንደር ሄጄ ልማር» ወይም «ትንሽ ሱቅ ልክፈት» ስትል ነገሯን ሳትጨርስ «አርፈሽ ተቀመጪ» ያልናት እኛው ወንድሞቿ ነን። ሰሚ ያጣች ልጅ ወይ ዝም ትላለች፣ ወይ ሳትናገር ትሄዳለች። ገላባት ደግሞ ቅርብ ነው። አንድ ጠዋት አልጋዋ ባዶ ሆኖ ሲገኝ፣ ደላላውን ከመርገማችን በፊት «ማን አልሰማትም?» ብለን ራሳችንን እንጠይቅ።

እናታችንን ሐጀርን (ዐለይሃ ሰላም) እናስታውስ። ለልጇ ውሃ ፍለጋ በሶፋና በመርዋ ኮረብታዎች መካከል 7 ጊዜ ተመላለሰች። ዛሬ ሐጅና ዑምራ የሚያደርግ ወንድ ሁሉ የዚያችን ሴት ዱካ ይከተላል። የሴት ልጅን ጥረት ማክበር ከውጭ የመጣብን ነገር አይደለም።

ስለ ጉዞና ስለ መሕረም ዑለሞቻችንን እንጠይቅ፤ እኛ ፈትዋ አንሰጥም። የምንለው አንድ ነገር ነው፦ ወንድሜ፣ ዛሬ ከዒሻ በኋላ እህትህን «ምን ታስቢያለሽ?» በላት። እስክትጨርስም አታቋርጣት። እህቴ፣ አንቺም ተናገሪ፤ አፍ አልታዘዝ ካለሽ ጻፊላቸው።

አላህ የሚሰማ ልብ ይስጠን። አሚን!