ማሞቂያው ሲበርድ

ከደብረ ብርሃን አልፈው ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው ጣርማ በር ሲወጡ የመኪናዎ ማሞቂያ ቀዝቃዛ ነፋስ ቢነፍስብዎ፣ ጋቢ ደርበው ዝም ብለው ይነዳሉን? እኔስ ይቁሙ እላለሁ።

ማሞቂያው የራሱ እሳት የለውም፤ ሙቀቱን የሚበደረው ከሞተሩ ውሃ ነው። ውሃው ሲጎድል ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚቀርበት እርሱ ነው፤ እንግዲህ እግርዎን የበረደዎ ሞተሩ ሊቃጠል ስለ ተቃረበ ይሆናል። በሙቀት መለኪያውም ብቻ አይተማመኑ፤ ውሃ ያልነካው መለኪያ ሊዋሽ ይችላል። ሞተሩን አጥፍተው፣ በደንብ እስኪበርድ ታግሠው፣ የራዲያተሩን ክዳን ይክፈቱ። (በጋለበት የሚከፍት ሰው ፊቱን ለመቀቀል የቸኮለ ነው!)

ውሃው ሙሉ ሆኖ የመለኪያው መርፌ ብዙ ከነዱም በኋላ ከታች ካልተነሣ፣ አብዛኛውን ጊዜ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ቀርቷል። መርፌው ደኅና ከሆነ ወደ ማሞቂያው የሚሄዱትን ሁለት የጎማ ቱቦዎች በጥንቃቄ ይዳስሱ፤ አንዱ ሞቆ ሁለተኛው ከቀዘቀዘ ውሃው አልዞረም፤ ሁለቱም ከሞቁ ሙቁን አየር የሚያሳልፈውን መዝጊያ ያስፈትሹ።

አሮጌዋ ቮልስዋገን ግን የራዲያተር ውሃ አታውቅም፤ ማሞቂያዋ የሚግለው በጭስ ማውጫዋ ነው። በእርሷ ውስጥ የጭስ ሽታ ከመጣ ብርዱን ችለው ማሞቂያውን ይዝጉ፣ መስኮቱንም ይክፈቱ፤ ያ ጭስ እንቅልፍ መስሎ ይገድላልና።