ከቦሌ እስከ ደለስ

እናቴ ርቀትን የምትለካው በአዳር ነበር። አባቷ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትሩን በበቅሎ ሲመጡ ሦስት ቦታ ያድሩ ነበርና፣ ታላቅ እኅቴ ዋሽንግተን የገባች ሰሞን የጠየቀችኝ፣ «ስንት አዳር ነው?» ብላ ነው።

«አንድ» አልኳት።

«ታዲያ ምኑ ነው ሩቁ!» አለችና የምትልክላትን ድርቆሽ ማሰሯን ቀጠለች።

እንደ እውነቱ ከሆነ፣ ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ቀጥታው መንገድ 11,500 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ለሚበር ጄት 13 ሰዓት የማይሞላ ጉዞ። በወረቀት ላይ! የተጓዘበት ሰው ግን ያውቀዋል፤ ሲሄዱ እንደ ሲመጡ አይደለም። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ አየሩ ስስ ነው። በስስ አየር ክንፍም ሞተርም ጉልበታቸው ይቀንሳል። መንገደኛና ጭነት የሞላ አውሮፕላን እስከ አሜሪካ የሚያደርሰውን ነዳጅ ሁሉ ተሸክሞ ልነሳ ቢል አስፋልቱ አይበቃውም። ስለዚህ ነዳጁን ቀነስ አድርጎ ይነሳል፤ እንደየዘመኑ ሮም፣ ደብሊን ወይም ሌላ ቦታ ወርዶ ይሞላል። በዚያ ላይ ወደ ምዕራብ ሲበር ነፋሱ ከፊት ነው። ጉዞው 16 ሰዓትና ከዚያም በላይ ይሆናል። ደለስ በአንጻሩ ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። አውሮፕላኑ ታንኩን ጢም አድርጎ፣ ነፋሱን ከኋላው አድርጎ፣ የትም ሳያርፍ በ13 ሰዓት ግድም ቦሌ ነው። አገር ቤት መግባት ከመውጣት ይቀላል ማለት ነው፤ ቢያንስ ለአውሮፕላኑ።

ይህን ስሌት የተማርኩት ለዕውቀት ብዬ አይደለም። እናታችን በ2011 ዓ.ም.፣ በሐምሌ፣ አንድ ረቡዕ ማታ 4 ሰዓት ላይ ዐረፈች። በሐምሌ ዋሽንግተን ከእኛ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ እዚያ ገና ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት ነው። የዕለቱ አውሮፕላን ግን ረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ሄዷል።

ቀብሩ ሐሙስ በ9 ሰዓት ተባለ። እኔ አንድ ቀን ይቆይልን፣ ሆስፒታል ማቀዝቀዣ አለ ብዬ ተከራከርኩ። አጎታችን አንገታቸውን ደፍተው ከቆዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ እሷ እኮ ብርድ አትወድም ነበር» አሉ። ክርክሩ እዚያ ላይ አበቃ። የእድሩ ሰዎችም ድንኳኑን መትከል ጀመሩ።

መርዶ በስልክ አይነገርም። እዚያ ያሉ ያገር ልጆች ተሰባስበው ማለዳ 11 ሰዓት ላይ በሯን አንኳኩ፤ እኛ ዘንድ ቀትር 6 ሰዓት ነበር። በዚያ ሰዓት ነጠላ አዘቅዝቆ የመጣን እንግዳ ያየ ሐበሻ፣ ምን ሆናችሁ ብሎ አይጠይቅም። ረፋዱን አውሮፕላኗ ሲነሳ እኛ ከቀብር ተመልሰን ድንኳን ውስጥ ተቀምጠናል። የሚያፋጥነው ሁሉ አፋጥኗት፣ ነፋሱም አግዟት፣ ዓርብ ማለዳ 1 ሰዓት ላይ ቦሌ ደረሰች። ከቀብሩ 16 ሰዓት ዘግይታ፣ ለሣልስቱ ግን ቀድማ።

ለቅሶው በረድ ሲል እጄን ይዛ፣ «በስንት ሰዓት ቀበራችኋት?» አለችኝ።

«በ9።»

በጣቶቿ ሰባት ቀነሰች።

«በእኛ ጠዋት 2 ሰዓት» አለች። «ሻንጣ እየቆለፍኩ ነበር።»